ለ4 ጊጋ ራምና ለሁለት ስክሪን የቱን ዴስክቶፕ ልምረጥ?

ሰላም፣ የምታውቁ ሰዎች እባካችሁ እርዱኝ። ሦስት ሳምንት ሙሉ የሊኑክስ ዴስክቶፕ (መስኮቶቹንና ሜኑዎቹን የሚያሳየውን ፕሮግራም) ስቀያይር ከረምኩ። አሁንም መወሰን አቃተኝ።

ላፕቶፔ ያለው 4 ጊጋባይት ራም ብቻ ነው። ዲስኩም የድሮው፣ የሚሽከረከረው ዓይነት ነው። ከሱ ጋር ደግሞ 4ኬ ስክሪን እሰካለሁ። ጭንቀቴ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

በፍጥነት ከሆነ ለእኔ አንደኛው ኤክስኤፍሲኢ (Xfce) የሚባለው ዴስክቶፕ ነው። ከ1996 ጀምሮ ያለ ፕሮጀክት ነው፤ ቀላልና የረጋ፣ በጣም ወድጄዋለሁ። ግን የምጠቀመው በኤክስ11 (ምስሉን ስክሪን ላይ በሚያወጣው የድሮ ሥርዓት) ስለሆነ ለሁለቱ ስክሪኖች የተለያየ የማጉያ መጠን መስጠት አልቻልኩም። ላፕቶፑ ላይ ጽሑፉ ልክ ሲሆን ትልቁ ላይ ጉንዳን ያክላል። ትልቁን ሳስተካክል ደግሞ ላፕቶፑ ላይ ሁሉም ነገር ይገዝፍና መስኮቶቹ አልበቃ ይላሉ።

ፕላዝማ 6 የሚባለው ሌላ ዴስክቶፕ በዌይላንድ (ኤክስ11ን በሚተካው አዲስ ሥርዓት) ይህንን ፈታልኝ። አንዱን 100፣ ሌላውን 175 በመቶ አደረግኩና እፎይ አልኩ። ብራውዘር ስከፍት ግን ራሙ ይሞላል፤ ማውሱ እንኳ ይቆማል። ፋይል የሚመዘግበውን ባሎን አጠፋሁት፤ ትንሽ ተሻለው እንጂ አልዳነም።

ኖም (GNOME) የሚባለው ዴስክቶፕ ንጹህና ያማረ ነው፣ ለዚህ ራም ግን ሦስተኛ ላይ አስቀምጬዋለሁ። ሲናሞን የሚባለውን ዴስክቶፕ ገና በወጉ አልሞከርኩትም።

ፕላዝማ ላይ ዝራም (ራም ውስጥ ያለውን መረጃ ጨምቆ ቦታ የሚቆጥብ ዘዴ) ብጨምር ለውጥ ያመጣል? ወይስ ኤክስኤፍሲኢ ላይ በኤክስራንደር (የስክሪን ቅንብር በሚቀይረው ትእዛዝ) ሁለቱን ስክሪኖች ያስማማ ሰው አለ? ካለ የጻፈውን ትእዛዝ ቢያሳየኝ ደስ ይለኛል። ራም መጨመር አልችልም፤ ከቦርዱ ጋር የተበየደ ነው።