«ቢዘጋስ ማን ይጎዳል?»

የፒያሳው፦ ጠዋት አራት ኪሎ ማኪያቶ እየጠጣሁ አንዱ ጮክ ብሎ «ፌዴሬሽን ምክር ቤት፣ ሁለተኛው የፓርላማ ቤት፣ የመጣለትን የሚያጸድቅ ማኅተም ነው፤ ቢዘጋስ ማን ይጎዳል?» አለ። አብረውት ያሉት ሁሉ «አዎ አዎ» አሉት። በጣም ነው የተናደድኩት። እዚህስ እንደዚያ የሚያስብ አለ?

ቀበና፦ አለ፣ እኔ። ሕግ የሚያወጣው የተወካዮች ምክር ቤት ነው። ፌዴሬሽን የወጣ ሕግ አይመልስም፣ አያዘገይም። ታዲያ ሰውዬው ምን አጠፋ?

ሕግ ተማሪዋ፦ ቀበና፣ የተወካዮችን ሥልጣን የሚዘረዝረው የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 55 ላይ አትቁም፣ የፌዴሬሽንን የሚዘረዝረውን 62ንም አንብብ። ሕገ መንግሥት የሚተረጉመው ፍርድ ቤት ሳይሆን ይሄው ቤት ነው። የፌዴራል ድጎማ ለክልሎች የሚከፋፈልበትን ቀመር የሚወስነውም እሱ ነው። የገጠር ጤና ጣቢያ በጀት ከዚያ ቀመር ይነሳል። «ማን ይጎዳል» ማለት ለአዲስ አበባ ሰው ይቀለዋል።

ቀበና፦ ይቀለዋል? አዲስ አበባ በተወካዮች ምክር ቤት 23 ወንበር አላት፣ በፌዴሬሽን አንድም የላትም። አባላቱን የሚልኩት የክልል ምክር ቤቶች ናቸው። የእኛ ድርሻ የመስከረም መጨረሻ ሰኞ ፓርላማው ሲከፈት መንገድ ተዘግቶብን በእግር መሄድ ነው።

የደጃች ውቤው፦ ልጆች፣ በጃንሆይ ጊዜ የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት ነበር። አባላቱን የሚሾሙት ንጉሡ ነበሩ፤ ፓርቲ የሚባልም አልነበረም። ግን ረቂቅ በሁለቱም ቤት ያልፍ ነበር።

ቀበና፦ ጋሼ፣ ሹመኛ ይሻለናል እያሉ ነው?

የደጃች ውቤው፦ አላልኩም! ያላልኩትን አታስብለኝ። ሁለተኛው ቤት ረቂቅ ያይ ነበር ነው ያልኩት።

የፒያሳው፦ ወደ ማኅተሙ እንመለስ። ሰኔ 2012 ላይ በኮቪድ ምክንያት ምርጫው ሲቀር የምክር ቤቶቹን ዘመን ያራዘመው ማነው? ፌዴሬሽን ምክር ቤት። የመንግሥት ዕድሜ የሚያራዝም ቤት እንዴት ማኅተም ይባላል?

ቀበና፦ ራስህ መለስከው! 114 ደገፉ፣ 4 ተቃወሙ። አፈ ጉባኤዋ ኬሪያ ኢብራሂም እንኳ ድምፅ ከመሰጠቱ በፊት ነው የለቀቁት። ማኅተም ማለት ይሄ ነው።

ሕግ ተማሪዋ፦ ሥልጣን አለው ወይስ የለውም? መጀመሪያ የለውም አልክ። አሁን ደግሞ ሥልጣኑን የተጠቀመበት መንገድ ነው ያናደደህ። ሁለቱ ለየቅል ናቸው።

ቀበና፦ የሚያናድደኝ ፓርቲው ነው እህቴ። በ2007 ምርጫ ኢሕአዴግና አጋሮቹ 547ቱንም ወንበር ወሰዱ። ክልሎቹንም የያዙት እነሱው ነበሩ። ታች ያለው ፓርቲ ወደ ላይ የሚልከው የራሱን ሰው ነው። ከዚያ ሁለቱ ቤት ምን ያከራክራቸዋል? አንቀጽ 54 የተወካዮች አባል ተገዥነቱ ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለኅሊናው ነው ይላል። ስብሰባውን በቴሌቪዥን እይ። እጅ ሲወጣ ሁሉም አንድ ላይ ነው።

ሕግ ተማሪዋ፦ እሱን አልክድም። ግን ጀርመንን እይ። ቡንደስራት በሚባለው የክልሎች ምክር ቤታቸው የሚቀመጡት የክልል መንግሥታት ሰዎች ናቸው። በርሊን ላይ ተቃዋሚ የሆነ ፓርቲ ክልሎችን ይዞ ሕግ ሊያስቆም ይችላል። ቤቱን የሚያነቃው የፓርቲ ፉክክር ነው። እኛ ጋ የጎደለው ፉክክሩ ሆኖ ሳለ ቤቱን ዝጉ ትላለህ።

ቀበና፦ ቡንደስራት ሕግ ያስቆማል፣ የእኛው አያስቆምም። ከምኑ ጋር ነው የምታወዳድሪው?

የደጃች ውቤው፦ አንቀጽ 61 እኮ ክልሎች ከፈለጉ ሕዝቡ በቀጥታ እንዲመርጥ ማድረግ ይችላሉ ይላል። ለምን አይሞከርም?

ቀበና፦ ጋሼ፣ የክልሉን ምክር ቤት የያዘ ፓርቲ በምን ምክንያት አሳልፎ ይሰጣል?

የፒያሳው፦ ስለዚህ ዝም እንበል? አንድ ወረዳ ውስጥ የሚኖር ትንሽ ብሔረሰብ ቢያንስ አንድ ወንበር ያለው እዚያ ቤት ነው። ሲዘጋ የት ይሂድ? እሱን መልስልኝ።

ቀበና፦ ወንበር አለው፣ ሕግ ላይ ድምፅ የለውም። አንተ እሱን መልስ።

ሕግ ተማሪዋ፦ ቀመሩስ? ቀበና፣ ስለ ቀመሩ እስካሁን አንድ ቃል አልተነፈስክም።