ከሂርማታ እስከ ጅሬን፦ ማክሰኞ የሚገባው ዕቅድ

ጸሐፊዋ፦
የማኅበራችን የጅማ ጉብኝት የድጋፍ ማመልከቻ ማክሰኞ ጠዋት ይገባል። አምና በሁለት ቀን ዘግይተን ድጋፉ እንዴት እንዳመለጠን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። እስካሁን ያለው ጽሑፍ ይኸው፦ «የግማሽ ቀን ጉብኝት በእግር። ሙዚየሙን፣ ፈረንጅ አራዳ ሰፈርን፣ የአዌቱን ወንዝ ዳርና የሂርማታን ገበያ አሳይቶ ጅሬን ኮረብታ ላይ ባለው የንጉሥ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ያበቃል። 12 የአካባቢ አስጎብኚዎች። በሰው 400 ብር።» የሚጨመር ካለ ዛሬ በሉ።

ባለባጃጁ፦
«በእግር» የምትለዋ ትውጣ። ከመሀል ከተማ ጅሬን ወደ 7 ኪሎ ሜትር ነው፣ መጨረሻው ደግሞ አቀበት። ባለፈው ሁለት እንግዳ ይዘን ስንወጣ አንዷ መንገድ ዳር ቁጭ ብላ አልነሳም አለች። ገንዘቧን መለስንላት። ከየት ወጣ? ከመዋጮው።

የጅሬን ልጅ፦
በእግር ካልሆነ ምኑን ጉብኝት ሆነ? ቤተ መንግሥቱን ብቻ ማየት የሚፈልግ ሰው እኛን አያስፈልገውም። መኪና ይዞ ይወጣል፣ ፎቶ ያነሳል፣ ይወርዳል። እኛ የምናሳየው መንገዱን ነው። ንጉሡ ከላይ፣ ገበያው ከታች። ጅማ ማለት ያ ነው።

ባለባጃጁ፦
እንግዳው መሀል መንገድ ላይ ሲቀመጥ አንተ ትሸከመዋለህ?

የጅሬን ልጅ፦
አንተ ባጃጅ ስላለህ ነው እንዲህ የምትለው። በግልጽ ተናገረው።

ገንዘብ ያዥ፦
ተዉ እንጂ። ሂሳቡ ላይ ያለው 18,400 ብር ነው። ከዚያ ውስጥ ለምልክት ሰሌዳ 9 ሺህ ተይዟል። ከቃሉ በፊት ሰሌዳውን ጨርሱ።

ባለባጃጁ፦
ባጃጅ ስላለኝ? ሦስት ዓመት መዋጮ ሳላጓድል የከፈልኩት ባጃጅ ስላለኝ ነው? የሰሌዳውን እንጨት ያለ ኪራይ የጫነው ማን ነበር?

የኪቶ ልጅ፦
ጭቅጭቁን ልጨርሰው። እሁድ ጠዋት ሰዓት ይዤ ከሂርማታ ጅሬን እወጣለሁ። ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ፣ ጥላና ውኃ የት እንዳለ ጽፌ አመጣለሁ።

ጸሐፊዋ፦
ጎበዝ። እሁድ ማታ እንጠብቅሃለን።

የሙዚየሟ፦
ፈረንጅ አራዳ ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር አይበቃም። ጣሊያን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በቆየበት ጊዜ ከተማዋን ወደ ሜዳው አሰፋት። ሰዎች ፎቁንና በረንዳውን እያዩ ማን ሠራው ይሉናል። ስለ ሂርማታም እንዲሁ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሐሙስ ገበያው ላይ በሺዎች የሚቆጠር ሰው ይሰበሰብ እንደነበር ተጽፏል። ይህን የሚያህል ነገር «ገበያ» ብለን በአንድ ቃል እናልፈዋለን?

ገንዘብ ያዥ፦
ሁለት ገጽ ነው የተፈቀደው።

የጅሬን ልጅ፦
ሐሙስ ካነሳሽ አይቀር ልናገር። አያቴ ቅቤና ማር ተሸክማ ሐሙስ ሐሙስ በዚያ መንገድ ትወርድ ነበር። በጎህ ተነስታ ትወርዳለች፣ ማታ ጨውና ሻማ ይዛ ትመለሳለች። «በእግር» ትውጣ ስትሉኝ የእሷን መንገድ ውጣ ያላችሁኝ ያህል ነው። አባ ጅፋር ለምኒልክ ገብሮ የውስጥ አስተዳደሩን ይዞ ከ50 ዓመት በላይ ሲነግሥ ሀብቱ ከየት መጣ? ከዚያ ገበያ ነው። ነጋዴው ቡናውን ጭኖ ሲያልፍ ቀረጥ ይከፍላል። እንግዳው በእግሩ ሲሄድ ነው ይህ የሚገባው። ከባጃጅ መስኮት አይታይም።

ባለባጃጁ፦
ስለ አያትህ የተናገርከው ልቤ ገብቷል። እኔም እናቴ በዚያ መንገድ ተመላልሳለች። ግን አያትህ ከልጅነቷ የለመደችው ነው። ከአዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር በአውቶቡስ መጥቶ በማግስቱ የሚወጣ ሰው አያትህ አይደለም።

ተማሪዋ፦
ለምን አንገለብጠውም? በባጃጅ ወደ ጅሬን እንውጣ። ቤተ መንግሥቱን በጠዋት እናሳይ። ከዚያ ቁልቁለቱን በእግር ወርደን ሂርማታ ላይ እንጨርስ። ሐሙስ ከሆነ ገበያው መሀል እንገባለን።

የሙዚየሟ፦
ጥሩ ነው። ግን ከጅሬን ከጀመርን ሙዚየሙ መጨረሻ ላይ ይሆናል። በምሳ ሰዓት ይዘጋል። አባ ጅፋር የተጠቀሙባቸውን ዕቃዎች ሳያዩ መሄድ የለባቸውም። ዕቃውን ያየ ሰው ቤቱን ሲያይ ይገባዋል።

የጅሬን ልጅ፦
መውረዱ ይስማማኛል። የአያቴም መንገድ በመውረድ ነበር የሚጀምረው። ርዕሱ ላይ ግን «በእግር» ይኑር።

ባለባጃጁ፦
በባጃጅ ወጥቶ «በእግር» ማለት ውሸት ነው። እንግዳው ተታለልኩ ይላል። «በባጃጅና በእግር» ይባል።

የጅሬን ልጅ፦
ባጃጅ ርዕስ ላይ? ከአባ ጅፋር ስም አጠገብ?

ባለባጃጁ፦
አዎ። ምን ነውር አለው? የምንበላበት ነው።

ተማሪዋ፦
«ከጅሬን ወደ ሂርማታ» ብቻ ቢባልስ? ሁለቱም ቃል ይውጣ።

የጅሬን ልጅ፦
አይወጣም።

ባለባጃጁ፦
እንግዲያው የኔም አይወጣም።

ገንዘብ ያዥ፦
ስለ አንዲት ቃል ሁለት ቀን ሙሉ። የሰሌዳው ጽሑፍ ዛሬም አልቀረበልኝም። ሠሪው ሰኞ ቅድሚያ ክፍያ ይጠብቃል።

ጋሼ ባርጩማ፦
እኔ የሽማግሌ ነገር ልናገር። ወጣም ወረደም ሰው መሀል መንገድ ላይ ማረፍ አለበት። ያቺ ልጅ የተቀመጠችው ቦታ ላይ ዛፍ አለ። አንዲት ትንሽ ዳስ ብትሠሩ፣ ቡና ብታፈሉ፣ ባርጩማ ብታስቀምጡ ማን ይደክማል? ከአንድ ወጥ የዋንዛ ግንድ የተፈለፈለ ባለ ሦስት እግር የጅማ ባርጩማ ማየት የሚፈልግ ብዙ ነው። ስድስት እኔ እሰጣለሁ። የተቀረውን እዚያው እንሽጥ።

ጸሐፊዋ፦
ጋሼ፣ ይህ ሐሳብ ያስኬዳል። ድጋፍ የሚሰጡትም ሥራ የሚፈጥር ነገር ነው የሚወዱት። ወጪው ስንት ይሆናል?

ጋሼ ባርጩማ፦
ለእንጨቱና ለጣሪያው 25 ሺህ ቢበዛ። ሠራተኛው ከእኛው ነው።

ገንዘብ ያዥ፦
ከሰሌዳው የሚዞር ነገር የለም። 9 ሺው ይቆያል። ዳሱ ከድጋፉ ይጠየቅ።

የሙዚየሟ፦
ቡናውን የምታፈላዋ ማን ናት? ቀኑን ሙሉ ሰው ሳይመጣ ቢውልስ? ይህ ተጽፎ ይግባ።

ተማሪዋ፦
በየሳምንቱ ሁለት ሴቶች ተራ ይያዙ። ከአባላቱ እናቶች ይሁን። ለዝናብ ወራትም ጣሪያው የግድ ነው። እዚህ ክረምት ምን እንደሚመስል ለማንም መንገር አያስፈልገኝም።

ጸሐፊዋ፦
እሁድ ማታ ሆኗል። የኪቶ ልጅ፣ ሰዓቱስ?

ጸሐፊዋ፦
የኪቶ ልጅ?

ተማሪዋ፦
ደወልኩለት። አያነሳም።

የጅሬን ልጅ፦
ባለባጃጁን ይቅርታ እጠይቃለሁ። ባጃጅህን አንስቼ የተናገርኩት አይገባም ነበር። እንጨቱን ማን እንደጫነ አልረሳሁም።

ባለባጃጁ፦
ወንድምህ ነኝ። አልፏል። ቃሏ ግን አላለፈችም።

ጸሐፊዋ፦
ሰኞ ማታ 3 ሰዓት። የመጨረሻው ጽሑፍ ይህ ነው። «በጅሬን መንገድ ላይ የማረፊያ፣ የቡናና የባርጩማ መሸጫ ዳስ ለመሥራትና በዚያው ከጅሬን ወደ ሂርማታ የሚወርድ ጉብኝት ለማስጀመር።» አንድ ገጽ ተኩሉ ስለ ዳሱ ነው። ዳሱን በወጪ ዝርዝር ካላሳየን አይቀበሉንም። ሙዚየሙን በተናጠል ቀን አድርጌዋለሁ። ርዕሱ ላይ የእግርም የባጃጅም ቃል የለም።

የሙዚየሟ፦
ፈረንጅ አራዳስ?

ጸሐፊዋ፦
ቦታ አልበቃኝም። የአዌቱም ወጥቷል። ከድጋፉ በኋላ እንመልሰዋለን።

የጅሬን ልጅ፦
በእግር ጀምረን ዳስ ላይ ጨረስን ማለት ነው?

ጋሼ ባርጩማ፦
ልጄ፣ ዳሱ ካለ ሰው ይመጣል። ሰው ከመጣ መንገዱን ትነግረዋለህ። እኔም ቁጭ ብዬ እየፈለፈልኩ አብሬህ እነግራለሁ።

የጅሬን ልጅ፦
እሺ ጋሼ። ስለ አያቴ መንገድ ግን አንድ መስመር ይግባ። ሁለት ገጹ ውስጥ አንድ መስመር አይጠፋም።

ጸሐፊዋ፦
ገብቷል። አሁን አንድ ክፍት ቦታ ቀርቷል። «የመውረጃው ጊዜ ____ ሰዓት» ይላል። የሚሞላው አልመጣም። ምን ልጻፍ?

ባለባጃጁ፦
ሁለት ሰዓት በዪ። ቢበዛ።

የጅሬን ልጅ፦
ማንም ሳይለካው እንዳትጽፊ። ነገ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ከቤተ መንግሥቱ በር እነሳለሁ። ሂርማታ ስደርስ እደውልልሻለሁ። ቦታውን ክፍት አድርገሽ ጠብቂኝ።

ገንዘብ ያዥ፦
ማህተሙ እኔ ዘንድ ነው። ከ3 ሰዓት በኋላ ከመጣችሁ ቢሮ የለሁም።