«ለድሬ ተመልካች ቀለል ያለው ይበቃል» ማለት ምን ማለት ነው?

የከዚራ ጥላ፦
ወገን፣ የቅዳሜውን ማስታወቂያ አያችሁት? የቴአትር ክበባችን የአሜሪካዊውን የሙዚቃዊ ቴአትር ዜማና ግጥም ደራሲ የስቲቨን ሶንድሃይምን «ኢንቱ ዘ ዉድስ» ሊያሳየን ነው። ከመድረክ ላይ የተቀረጸውን። እሰይ ብዬ ሳልጨርስ ከሥሩ ምን ተጽፏል? «ለድሬ ተመልካች ቀለል ያለው ይበቃል፤ ስለዚህ እስከ ዕረፍቱ ያለውን ብቻ እናሳያለን።»

ይበቃል? በምን ሰፍራችሁ ነው የበቃን?

ላላየው ልንገር። (ዓመቱን በፈረንጅ ነው የምቆጥረው፣ በኋላ እንዳትጨቃጨቁኝ።) ሥራው ብሮድዌይ፣ የኒው ዮርክ ትልልቅ ቴአትር ቤቶች ሰፈር፣ የወጣው በ1987 ነው። ሲንደሬላ፣ ባለቀይ ቆቧ ልጅ፣ ላሙን በባቄላ የለወጠው ጃክ፣ ልጅ ያጡ ዳቦ ጋጋሪና ሚስቱ፣ ሁሉም አንድ ጫካ ውስጥ ይገናኛሉ። እስከ ዕረፍቱ ሁሉም የተመኘውን ያገኛል። እልልታ። መጋረጃ። ከዕረፍቱ በኋላ ግን ጃክ የገደለው ግዙፍ ሚስት የባሏን ገዳይ ፍለጋ ትመጣለች። ጉዱ ያኔ ነው። ልዑሉ በሚስቱ ላይ ሌላ ሴት ያያል፣ ዳቦ ጋጋሪው ሚስቱን ያጣል፣ የተረፉት «ጥፋቱ ያንተ ነው፣ ያንቺ ነው» እየተባባሉ ይካሰሳሉ። ሶንድሃይምና ታሪኩን የጻፈው ጄምስ ላፓይን የደከሙት ለዚህ ነው። እናንተ ሠርጉን አሳይታችሁ ትዳሩን ልትደብቁን ነው?

ወንበር ደርዳሪው፦
ማስታወቂያውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። መጀመሪያ ሰላም ይባላል።

ባለፈው ዓመት «ሰንዴይ ኢን ዘ ፓርክ ዊዝ ጆርጅ»ን እስከ መጨረሻው አሳይቼ ነበር። የ1985ን የፑሊትዘር ሽልማት ያገኘ የሶንድሃይም ሥራ ነው እያልኩ በየካፌው ለፈፍኩ። ታሪኩ ሠዓሊው ዦርዥ ሰራ ሸራውን በነጥብ በነጥብ ሲሞላ ነው። ግቢው ጢም ብሎ ነበር። ከዕረፍቱ በኋላ 11 ሰው ቀረን። ከ11ዱ አራታችን ወንበር መላሾች ነን። አንዱ ልጅ ሲወጣ «ቀለሙ ሲደርቅ ጥራኝ» ብሎኝ ሄደ። አሁን የምትጮኹት ሁሉ ያኔ የት ነበራችሁ?

«ቀለል» ያልኩት ለዚህ ነው። ደግሞ የኔ ፈጠራ አይደለም። እዚያው አሜሪካ ለትምህርት ቤት ልጆች የተዘጋጀው አጭር ቅጂ በመጀመሪያው ክፍል ነው የሚያበቃው።

የከዚራ ጥላ፦
የትምህርት ቤት ልጆች። ደረጃችንን ስለነገርከን እናመሰግናለን።

ሦስት ቁጥር ባጃጅ፦
እኔ ሦስተኛ ክፍል ብባልም አይከፋኝም። መግቢያውም በግማሽ ነው?

ጀጎል በር፦
እኛ ጋ ጀጎል ከጥንት አምስት በር ነበረው፤ በአንዱም ግማሽ ሰውነቱን አስገብቶ የተመለሰ እንግዳ የለም። ሙሉውን ሐረር አምጡት። አየሩም ቀዝቀዝ ያለ ነው፣ ሰው በሙቀት አይበተንም።

ወንበር ደርዳሪው፦
ጀመረን። ሐረሮች ነገሩን ሁሉ ወደ አየር ጠባይ ካልወሰዳችሁት አይሆንላችሁም።

ጀጎል በር፦
ላብህን ጥረግና እናወራለን።

ሳቢያን ያለችው መምህርት፦
ወደ «ቀለል» እንመለስ። ጸጋዬ ገብረ መድኅን «ኦቴሎ»ን፣ «ሐምሌት»ን፣ «ማክቤዝ»ን ወደ አማርኛ ሲያመጣ፣ ሕዝቡ ጀማሪ ነው ብሎ መጨረሻቸውን ቆርጧል? ኦቴሎ ዴዝዴሞናን ሳይገድላት ዕረፍት ላይ አቁሞ «ደህና ግቡ» ብሎ ሸኝቷል?

ሶንድሃይምስ ራሱ እንዴት ጀመረ? በ15 ዓመቱ ለትምህርት ቤቱ የጻፈውን ሙዚቃዊ ቴአትር ይዞ ኦስካር ሐመርስታይን ዘንድ ሄደ። የ«ኦክላሆማ» ግጥም ደራሲ፣ ያን ጊዜ በሙያው አንቱ የተባለ ሰው። እንደማታውቀኝ ሆነህ ፍረድልኝ አለው። ሐመርስታይን መጥፎ ነው ብሎ አፈረጠው። ከዚያ ቁጭ አድርጎ ለምን መጥፎ እንደሆነ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ አሳየው። ሶንድሃይም በ2021፣ በ91 ዓመቱ እስኪሞት ያችን ከሰዓት በኋላ እያነሳ ኖሯል። ልጅ ነው ብሎ ያቀለለለት የለም።

ወንበር ደርዳሪው፦
መምህርት፣ ሐመርስታይን ፊት የተቀመጠው አንድ ልጅ ነው። እሱም ፈልጎ የመጣ። የኔ ተመልካች ቅዳሜ ማታ የሚወጣው ነፋስ ሊቀበል ነው። አጠገቡ ዘፈን ካለ ዘፈን ያያል፣ እግር ኳስ ካለ ወደዚያው ነው።

ሳቢያን ያለችው መምህርት፦
ባዶ ወንበር አያስደንግጥህ። የሶንድሃይም «መሪሊ ዊ ሮል አሎንግ» በ1981 ብሮድዌይ ላይ 16 ጊዜ ብቻ ታይቶ ተዘጋ። ያው ሥራ እንደገና ተዘጋጅቶ በ2024 በድጋሚ ከቀረቡት ምርጡ ተብሎ ቶኒ የሚባለውን የቴአትር ሽልማት ወሰደ።

ወንበር ደርዳሪው፦
እሺ፣ 43 ዓመት እጠብቃለሁ። እስከዚያ የወንበሩን ኪራይ አንቺ ትከፍያለሽ።

በርጫ ሰዓት፦
አቦ ሁለት ሰዓት ተኩል ነው ረዘመ የምትሉት? ድሬ ላይ? ከሰዓት በኋላ ከስምንት እስከ አሥራ ሁለት እግሩን አጥፎ የሚቀመጥ ሰው ጠፋ?

ሳቢያን ያለችው መምህርት፦
እባክህ ድሬን ሁሉ በጫት አትለካ። የማንቅም ብዙ ነን።

በርጫ ሰዓት፦
እኔ ስለ ትዕግሥት ነው ያወራሁት።

ሳቢያን ያለችው መምህርት፦
ስምህ «በርጫ ሰዓት» ነው።

የምድር ባቡር ጡረተኛ፦
ልጆች፣ አንድ ነገር ልበል። ይህ ከተማ የህንድ ፊልም ሦስት ሰዓት ቁጭ ብሎ እያየ ያለቀሰ ከተማ ነው። ወሬው መሐል ሰው ተነስቶ ሲዘፍን «ምነው ዘፈነ?» ብሎ የጠየቀ አላየሁም። ቋንቋውን ማን ያውቃል? ዜማውን ግን እያንጎራጎርን ነበር ወደ ቤት የምንገባው። አሊ ቢራም የዚሁ ከተማ ልጅ ነው። በኦሮምኛ፣ በሐረሪኛ፣ በሶማልኛ፣ በዓረብኛ፣ በአማርኛ ሲዘፍን «ሁሉን ቋንቋ የማያውቅ አይምጣ» አላለም። ሰዉም «አሳጥርልን» አላለውም።

እኔ ብሆን ግን በአንድ የሶንድሃይም ዘፈን እጀምር ነበር። «ሴንድ ኢን ዘ ክላውንስ»። በ1973 ከወጣው «ኤ ሊትል ናይት ሚዩዚክ» ነው። ግሊኒስ ጆንስ ለምትባል ተዋናይት የተሠራ። ሴትዮዋ ድምጿን አስረዝማ መጎተት አይሆንላትም ነበርና ሐረጉን አጭር አጭር አድርጎ በልኳ ሰፋላት። ፍቅሯን አንድ ጊዜ ገፍታ፣ ስትመለስበት ያጣችው ሴት ናት የምትዘፍነው። ክላውን ያለውም የሰርከሱን አይደለም። የመድረክ ሰዎች ትርኢቱ ሲበላሽባቸው «ቀልደኞቹን አስገቧቸው» ይላሉ፣ እሱን ነው። ይህችን አንድ ጊዜ በጸጥታ አሰሙ። ከዚያ ጫካችሁ ግቡ።

የከዚራ ጥላ፦
ጋሼ፣ እድሜ ይስጥዎ። ግን ልብ ይበሉልኝ፦ የሰፋው በዘፋኟ ልክ ነው። ለተመልካቹ አላሳጠረም።

ወንበር ደርዳሪው፦
ይኸው! ሰው ታይቶ ነው የሚሰፋው ማለት ነው! እኔስ ምን አልኩ?

የከዚራ ጥላ፦
አንተ ግማሽ ሱሪ ነው የሰፋኸው።

35 ሞላኝ፦
ሁላችሁም ስታችኋል። መጀመር ያለበት በ«ካምፓኒ» ነው። 1970። ቦቢ የሚባል ሰውዬ 35 ዓመት ይሞላዋል፣ አላገባም። አምስት ባልና ሚስት ጓደኞቹ ከበውት ይነዘንዙታል። በቃ ታሪኩ ይሄ ነው፣ ሌላ ብዙም ነገር አይፈጠርም። ይሄ ለድሬ ሰው ማብራሪያ ይፈልጋል? የአክስቴ ልጅ ሠርግ ላይ በኔ የደረሰውን አንድ ሰው ቢቀርጸው ኖሮ ሶንድሃይም አያስፈልጋችሁም ነበር። «ቀለል ያለ» ከፈለጋችሁ ይኸው፣ ሁላችንም የኖርነው ነው።

ሦስት ቁጥር ባጃጅ፦
መጨረሻ ላይ ያገባል?

35 ሞላኝ፦
አንድ ዘፈን ይዘፍንና ሻማውን ብቻውን እፍ ይላል።

ሦስት ቁጥር ባጃጅ፦
አክስትህ አትወደውም።

ቤት መቺ፦
የአማርኛውን ጽሑፍ ከሥር ማን እንደሚሠራው አንድ ሰው እንኳን አልጠየቀም። እዚያው «ካምፓኒ» ውስጥ በሠርጓ ቀን የምትደናገጥ ሙሽራ አለች። ትንፋሽ ሳትወስድ ነው የምታንበለብለው። ያንን በጽሑፍ እከተላለሁ የሚል ሰው ፊቷን ሳያይ ዘፈኑ ያልቅበታል።

ሶንድሃይም ደግሞ ቤት አመታት ላይ ክፉ ነው። የተጠጋጋ ቤት አይቀበልም፣ እንከን የሌለው ካልሆነ። በኛ አማርኛ ግሱ መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ «መጣ፣ ወጣ፣ አመጣ» እያለ ቤት የሚመታ ሞልቷል። ጣጣው ቀልዱን እዚያች መጨረሻ ቃል ላይ ማሳረፍ ነው። የሱ ቀልድ የሚፈነዳው እዚያ ነው። ሰምና ወርቅ የሚያውቅ ሰው ካልያዘው ገለባ ይሆናል።

አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር። «ዌስት ሳይድ ስቶሪ» (1957) ላይ ሙዚቃው የበርንስታይን ነው፣ የሱ ግጥሙ ነው። ከዚያ ውስጥ ማሪያ የምትዘፍነውን አንዱን ሲያነሱበት ያፍር ነበር። ከፖርቶ ሪኮ የመጣች፣ ያልተማረች ልጅ አፍ ውስጥ የተራቀቀ ቤት አስገባሁ ብሎ። ያለቦታው ሲከብድ እሱንም ያመው ነበር።

ወንበር ደርዳሪው፦
«ያለቦታው ሲከብድ»! ተባረክ! ይህን ልቅዳውና ማስታወቂያው ላይ ልለጥፈው።

ቤት መቺ፦
ስለ ገጸ ባሕርይዋ ነው ያልኩት። ተመልካቹን አላልኩም።

ወንበር ደርዳሪው፦
እዚህ ቤት ሁሉም ሰው ለኔ ይመሰክርና ወዲያው ይክዳል።

ሳምቡሳ በዘይት፦
«ስዊኒ ቶድ»ን ለምን ዘለላችሁት? 1979። የለንደን ጢም ላጭ፣ ደንበኛውን ወንበር ላይ በምላጭ ይጨርሰዋል። ከታች ያለችው ሴትዮ ሥጋውን ፈጭታ በሊጥ ጠቅልላ ትሸጣለች። ጆኒ ዴፕ የሠራበት የ2007 ፊልምም አለ። ይሄን ይዛችሁ ኑና አንድ ሰው ከወንበሩ ይነሳ እንደሆነ እናያለን።

ጀጎል በር፦
በሊጥ የተጠቀለለ ሥጋ። ስምህን አይቼ ነው የደነገጥኩት።

ሳምቡሳ በዘይት፦
የኛ ምስር ነው።

ወንበር ደርዳሪው፦
ወሪያ፣ ግቢው ውስጥ ሕፃናት አሉ እኮ!

የከዚራ ጥላ፦
ሕፃናት ካሉማ ጨዋታው በተረት ነው። ተረት ሲያልቅ ምን ይባላል? «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ።» ዳቦ ጋጋሪው ሚስቱን አጥቶ፣ ጨቅላውን ታቅፎ ተረቱን እንደ አዲስ ሲጀምርለት ነው ይሄ ሥራ የሚያልቀው። እናንተ እሱን ሳታሳዩን አፋችንን በዳቦ ልታብሱ ነው።

ሳቢያን ያለችው መምህርት፦
ቀላል መፍትሔ አለ እኮ። ሙሉውን አስጀምሩ። ዕረፍት ላይ መሄድ የፈለገ ይሂድ፣ የቀረው ይቅር። 11 ሰውም ሰው ነው።

ወንበር ደርዳሪው፦
አይሆንም።

ሳቢያን ያለችው መምህርት፦
ለምን?

ወንበር ደርዳሪው፦
ፕሮጀክተሩ የሰው ነው። በሰዓት ነው የተከራየነው። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ ይመለሳል።

የከዚራ ጥላ፦
ምን?

35 ሞላኝ፦
እና ይሄን ሁሉ ጊዜ ስለ ተመልካች ደረጃ ነበር የምንጨቃጨቀው?

የከዚራ ጥላ፦
«ለክበባችን ኪስ ቀለል ያለው ይበቃል» ብለህ ብትጽፍ ማን ይናገርህ ነበር? ከተማውን ከምትሰድብ!

ወንበር ደርዳሪው፦
የተሰደበ ከተማ የለም። ገንዘብ ቢኖርም ሐሳቤ ያው ነው፣ ጀማሪ በግማሽ ይጀምራል። ለማንኛውም አስተካክዬዋለሁ። «ቀለል ያለው» ወጥቷል፣ «አጠር ያለው» ገብቷል።

የከዚራ ጥላ፦
«ይበቃል»ስ?

ወንበር ደርዳሪው፦
እሱ አለ።

የከዚራ ጥላ፦
ታዲያ ምኑን አስተካከልከው? ማነው አጠር ያለው?

ጀጎል በር፦
ሐረር ላይ ፕሮጀክተር አለን። እስከ ንጋት።

በርጫ ሰዓት፦
እስከ ንጋት ካላችሁ እኔ መጣሁ።

የምድር ባቡር ጡረተኛ፦
ልጄ፣ ወንበሩ መደገፊያ አለው ወይስ ያው ያለፈው ዓመቱ ዱካ ነው? እኔ ባለፈው የወጣሁት ለሱ ነው።