0.69 ኪሎ ግራም በሰከንድ፣ በሰዓት ስንት ኩንታል ነው?

ጥያቄ፦ ባለ ሲሎ
ጤና ይስጥልኝ። የምሠራው በአንድ የዱቄት ፋብሪካ ሲሆን፣ የፋብሪካው አቅም በ24 ሰዓት 60 ቶን ስንዴ መፍጨት እንደሆነ በመመሪያው ላይ ተጽፏል። ስንዴው ውሃ ከሚጨመርበት መሣሪያ በፊት የሚያልፍበት የፍሰት ሚዛን በቅርቡ በአዲስ ተተክቷል። አሮጌው በሰዓት የሚያልፈውን በኪሎ ግራም ያሳይ ነበር፤ አዲሱ ግን በሰከንድ የሚያልፈውን ያሳያል፤ ንባቡም ከ0.69 ብዙ አይርቅም። አንዱ ባልደረባዬ ይህን በ60 አባዝቶ «በሰዓት 41 ኪሎ ብቻ ነው የሚያልፈው፤ ሚዛኑ ተበላሽቷል» አለ። ሌላው ደግሞ በመመሪያው ላይ «2.500 ኪ.ግ በሰዓት» የሚለውን አይቶ ሁለት ኪሎ ተኩል ነው ብሎ ተከራከረ። መዝገባችን የሚያዘው በኩንታል ስለሆነ ትክክለኛውን አቀያየር ብታስረዱኝ። በተጨማሪም የስንዴውን እርጥበት ከ12 ወደ 16 በመቶ ለማድረስ የውሃውን መለኪያ በሰዓት 100 ሊትር ላይ አድርገነዋል፤ ይህስ ልክ ነውን?

መልስ፦ የሚዛን ጥገና
ሚዛኑ አልተበላሸም። ባልደረባዎ በ60 ሲያባዙ ያገኙት በደቂቃ የሚያልፈውን ነው፤ ወደ ሰዓት ለመድረስ ውጤቱን እንደገና በ60 ማባዛት ይቀራቸዋል። አንድ ሰዓት 3600 ሰከንድ ስለሆነ 0.69 በ3600 ሲባዛ 2484 ኪሎ ግራም በሰዓት ይሆናል፤ ይህም ወደ 2.5 ቶን ወይም ወደ 25 ኩንታል ይጠጋል። የመመሪያው ቁጥርም ከዚሁ ጋር ይስማማል፤ 60 ቶን ለ24 ሲካፈል 2.5 ቶን በሰዓት ነውና። «2.500» የሚለው ጽሑፍ ያሳሳታችሁ፣ በጣሊያንና በቱርክ አጻጻፍ ነጥብ ሺህን ስለሚለይና የአሥርዮሽ ምልክቱ ኮማ ስለሆነ ነው፤ እናም ሁለት ሺህ አምስት መቶ ተብሎ ይነበባል።

አንድ ነገር ግን ልብ ይበሉ። ማሳያው ሁለት የአሥርዮሽ ቤት ብቻ ካለው፣ የመጨረሻዋ አኃዝ በአንድ ስትለወጥ በሰዓት 36 ኪሎ ግራም ይለወጣል። ስለዚህ በ0.69 እና በ0.70 መካከል ያለውን ማየት አይችሉም። የመሣሪያው ቅንብር ከፈቀደ ወደ ኪሎ ግራም በሰዓት መመለሱ የተሻለ ነው። ለማረጋገጥ ደግሞ ከመውረጃው ሥር ጆንያ ይዘው ለ30 ሰከንድ የሚወርደውን ይመዝኑ፤ 20.8 ኪሎ አካባቢ ካገኙ ፍሰቱ 2500 ነው ማለት ነው።

መልስ፦ የመዝገብ ሰው
ከላይ በተሰጠው ስሌት እስማማለሁ፤ እኔ የምጨምረው ስለ ኩንታል ነው። ኩንታል 100 ኪሎ ግራም መሆኑን ሁሉም ያውቃል፤ ነገር ግን ዱቄቱ በ50 ኪሎ ከረጢት ሲታሸግ ከረጢቱንም «ኩንታል» የሚሉ ሠራተኞች ስላሉ መዝገቡ በእጥፍ ሲሳሳት አይቻለሁ። በስምንት ሰዓት ፈረቃ የሚገባው ስንዴ 200 ኩንታል ነው። ከዚህ ውስጥ 75 በመቶው ዱቄት ከሆነ 150 ኩንታል፣ ማለትም 300 ከረጢት ይወጣል፤ ቀሪው በአብዛኛው ፉርሽካ ነው። መብራት ጠፍቶ ፈረቃው ስድስት ሰዓት ብቻ ከሠራ ድምሩ ወደ 150 ኩንታል ስንዴ ይወርዳል እንጂ የሰዓቱ ፍሰት አይቀነስም፤ ፍሰትንና ድምርን በአንድ ዓምድ አትጻፉ።

መልስ፦ ወፍጮ ቤት
የውሃው ጉዳይ ግን ልክ አይደለም። 100 ሊትር ያገኛችሁት የ2500ን 4 በመቶ ወስዳችሁ ይመስለኛል፤ ሆኖም የተጨመረው ውሃ ራሱ የአጠቃላዩ ክብደት አካል ስለሚሆን፣ 16 በመቶው የሚሰላው ከውሃው ጋር ከተደመረው ክብደት ነው። ስለዚህ 2500ን በ4 አባዝታችሁ ለ84 (ማለትም 100 ሲቀነስ 16) ታካፍላላችሁ፤ ውጤቱ በሰዓት 119 ኪሎ ግራም ነው። የአንድ ሊትር ውሃ ክብደት አንድ ኪሎ ያህል በመሆኑ በሊትርም ያው 119 ነው፤ ለዘይት ወይም ለናፍጣ ቢሆን ግን ይህ አይሠራም። የውሃ መለኪያችሁ በሰከንድ ግራም የሚያሳይ ከሆነ 119ን ለ3.6 ስታካፍሉ 33 ገደማ ታገኛላችሁ።

ጠያቂው፦ ባለ ሲሎ
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ዛሬ ጠዋት በጆንያ ሦስት ጊዜ ለ30 ሰከንድ ይዘን 20.5፣ 21.0 እና 20.7 ኪሎ አገኘን፤ አማካዩ በ120 ሲባዛ 2488 ይሆናል። በሚዛኑ ላይ የነበረው ክርክር በዚሁ ተዘግቷል። የውሃውን ስሌት ሳየው ደግሞ አንድ የቆየ ጥያቄ ተፈታልኝ፤ ስንዴው አርፎ ሲወጣ የጥራት ክፍሉ እርጥበቱን በየጊዜው 15.4 በመቶ እያለ ይመዘግብ ነበር፤ እኛም መሣሪያቸውን እንጠራጠር ነበር። በ2500 ኪሎ ላይ 100 ሊትር ሲጨመር የሚሰጠው በትክክል ያንኑ ነው። ከነገው ፈረቃ ጀምሮ መለኪያውን 119 ላይ እናደርገዋለን፤ ከጥራት ክፍሉ ይቅርታ የሚጠይቀው ማን እንደሚሆን ግን ገና አልተስማማንም።