ተንቀሳቃሽ የእንጨት መሰንጠቂያ ይዞ ከመንዝ እስከ ሸዋ ሮቢት፦ ያዋጣል?

ጥያቄ — ባለ ፒክአፑ (ደብረ ብርሃን)

ጤና ይስጥልኝ። የበርና የመስኮት ሥራ ካለው ታላቅ ወንድሜ ጋር ሆነን ያገለገለ ተንቀሳቃሽ የእንጨት መሰንጠቂያ ልንገዛ ነው። ማሽኑ እንደ ቀበቶ የሚዞር ቀጭን ስለት አለው፤ 14 የፈረስ ጉልበት ባለው የቤንዚን ሞተር ይሠራል፤ በሐዲዱ ላይ እየተገፋ ግንዱን ይሰነጥቃል። ሻጩ አዲስ አበባ ላይ አሠርቶ አሳይቶናል።

ሐሳባችን ማሽኑን ግንዱ ወዳለበት መውሰድ ነው። በጫጫ፣ በሰላ ድንጋይ፣ በሞላሌና በመሐል ሜዳ ዙሪያ ገበሬው ባሕር ዛፉን በአጣናና በማገዶ ዋጋ ለነጋዴ ይሸጣል። እኛ እዚያው ደጁ ድረስ ሄደን ሞራሌና ጣውላ ብናወጣለት ለእሱም ለእኛም የተሻለ ነው ብለን እናምናለን።

የምጠይቀው፦ ማሽኑን በፒክአፕ ተሳቢ መጎተት ይሻላል ወይስ አይሱዙ ላይ መጫን? ዋጋ የሚቆረጠው በቀን ነው፣ በጣውላ ነው ወይስ እንጨቱን እኩል በመካፈል? ደግሞ ወንድሜ «ሞተሩ ደጋ ላይ ይደክማል» ይላል፤ ሻጩ «ሞተር የትም ሞተር ነው» ይላል። ማን ነው ትክክል? «ግዙ» ወይም «ተዉት» ከምትሉኝ፣ ሥራውን የሠራ ሰው ዝርዝሩን ቢነግረኝ እመርጣለሁ።

መልስ — የሞላሌው ሰንጣቂ

ወንድምህ ትክክል ነው። ከሻጩ ጋር አትከራከር፤ ዋጋ ስታስቀንስ ግን አንሣበት።

የቤንዚን ሞተር ከባሕር ወለል በላይ በየ300 ሜትሩ ከጉልበቱ 3 በመቶ ያህል ያጣል። ደብረ ብርሃን ከ2,800 ሜትር በላይ ናት፤ ስለዚህ 14 የተባለልህ እዚያ ሲደርስ 10 ነው። መሐል ሜዳ ከወጣህ ከ3,000 ሜትር አልፈሃል፣ ከዚያም ያነሰ ነው። አየሩ ሲሳሳ ካርቡራቶሩ ቤንዚኑን በዚያው ልክ ስለማይቀንስ ጭሱ ይጠቁራል፣ ካንዴላው ጥላሸት ይለብሳል፣ ነዳጁም በከንቱ ያልቃል። ቤንዚን የሚያሳልፈውን ቀዳዳ በጠበበ ማስቀየር ጭሱንና ፍጆታውን ያስተካክላል። የጠፋውን ጉልበት ግን አይመልስም። ሸዋ ሮቢት ቆላ ወርደህ ስትሠራ የቀድሞውን መልስበት፤ ያለበለዚያ ቤንዚን እያነሰው ሞተሩ ከመጠን በላይ ይግላል።

እንግዲህ ስለ ሞተሩ ጠየቅህ፤ ግንዱ የት ተቀምጦ እንደሚጠብቅህ ግን አልጠየቅህም። በዚህ ሥራ ስለቱ እንጨት ውስጥ የሚያሳልፈው ሰዓት ከቀኑ ትንሹ ነው። ሌላው ግንድ ማንከባለል፣ ሐዲዱን በውሃ ልክ ማስተካከል፣ ስለት መቀየር፣ ጣውላ መደርደርና ሰጋቱራ መጥረግ ነው። 40 ሳንቲ ሜትር ውፍረትና 3 ሜትር ርዝመት ያለው እርጥብ የባሕር ዛፍ ግንድ 400 ኪሎ ያህል ይመዝናል። እንዲህ ያለ ግንድ ገደል ሥር ተኝቶ ባለቤቱ «እዚህ ቅርብ ነው» ይልሃል። አውጥቶ ማምጣት የማን ሥራ እንደሆነ ሳትዋዋል ከደብረ ብርሃን አትነሣ። እኔ ጓዜን የምጭነው ባለቤቱ ግንዱን መንገድ ዳር፣ ሜዳ ላይ፣ በአግዳሚ እንጨት ላይ ሰብስቦ፣ ቢያንስ የአንድ ሙሉ ቀን ሥራ እንዳለ በዓይኔ ወይም በማምነው ሰው ዓይን ከታየ በኋላ ነው። ለአምስት ግንድ የሚጠራኝን ከጎረቤቶቹ ጋር እንዲተባበር እነግረዋለሁ። ቅር የሚለው አለ፤ ይበለው።

አግዳሚ ያልኩህ ለቁም ነገር ነው። በበሬ የተጎተተ ግንድ ቅርፊቱ ውስጥ ዋልካና ጠጠር ይዞ ይመጣል። ንጹሕ ግንድ ላይ ለሰዓታት የሚሠራ ስለት እንዲህ ባለው ላይ ወዲያውኑ ይደንዛል። ቅርፊቱን ቀድሞ ማስላጥ የባለቤቱ ድርሻ ይሁን፤ ቅርፊቱን ለማገዶ ስለሚፈልገው አይከፋውም።

የሚሰነጠቅ ግንድ ደግሞ እንደምታስበው በየደጁ የለም። ገበሬው ባሕር ዛፉን ገና አጣና ሳለ ይቆርጠዋል፤ ገንዘብ የሚያስፈልገው ዛሬ ነውና አይፈረድበትም። ወፍራሙን የምታገኘው በቤተ ክርስቲያን ቅጥር፣ በትምህርት ቤት ግቢና ቀድሞ በተተከለ የፈረንጅ ጽድ ውስጥ ነው። ቤተ ክርስቲያን ከሆነ የምትዋዋለው ከሰበካ ጉባኤው ጋር ነው፤ አለቃው ብቻቸውን «እሺ» ቢሉህ ቃለ ጉባኤ ሳይጻፍ ሞተር አታስነሣ። ቀኑንም ቁጠር፦ በ12 ሚካኤል፣ በ19 ገብርኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ23 ጊዮርጊስ፣ በ27 መድኃኔ ዓለም፣ በ29 ባለ ወልድ። መንዝ ውስጥ በእነዚህ ቀናት ሞተር እያስጮህክ ዳግመኛ የሚጠራህ ሰው አታገኝም። ቅዳሜና እሑድም አሉ። የወሩን ግማሽ ብትሠራ ደኅና ነው፤ ሒሳብህን በ30 ቀን አትሥራ።

አገር በቀል ጽድ፣ ዝግባና ኮሶ ይዘው «ቀስ ብለህ ሰንጥቅልን» የሚሉህ ይኖራሉ፤ በተለይ በወፍ ዋሻ ደን ዙሪያ። ማሽንህን ማጣት ካልፈለግህ አትንካ። የደን ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 1065/2010 እያለ በሌሊት የተሰነጠቀ ጽድ ኬላ ላይ መያዙ አይቀርም። ባሕር ዛፍም ቢሆን ከግል ይዞታ መቆረጡን የሚገልጽ ደብዳቤ ከቀበሌውና ከወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ሳይያዝ ጣውላ አይጫንም። ይህን የሚያወጣው ባለቤቱ ነው። በጀሪካን ቤንዚን ለመቅዳትም እኛ ዘንድ ደብዳቤ ይጠየቃል፤ ይህ ግን የአንተ ሥራ ነው።

ዋጋ፦ ሦስት ነገር ለየብቻ ቁረጥ። መምጫና መመለሻ በኪሎ ሜትር፤ መሰንጠቂያ በወጣው ጣውላ ልክ፤ ሚስማር ወይም ሽቦ የበላው ስለት በባለቤቱ ሒሳብ። አጥር አጠገብ የበቀለ ዛፍ ሁሉ ሆዱ ውስጥ ሽቦ አለ ብለህ ጀምር። በቀን አትዋዋል፤ በቀን የተዋዋለህ ሰው ግንዱን ሳያዘጋጅ ቁጭ ብሎ ያይሃል።

መልስ — የጣርማ በር ሾፌር (ደብረ ሲና)

ከላይ የጻፉት ጋሼ መምጫውን ለየብቻ አስከፍል ያሉት ያስማማኛል። እኔ ስለ ማጓጓዙ ልጨምር፤ ይህን መንገድ በጭነት ስመላለስበት ነው የኖርኩት።

ወንድሜ፣ ፒክአፕ ካለህ ተሳቢው ይሻላል። አይሱዙ ላይ ለመጫን ክሬን የለም፤ ጫኝና አውራጅ መቅጠር አለብህ፤ ሲወርድም እንደዚያው። አይሱዙ መያዝ ግድ ከሆነ መኪናውን ወደ ጉብታ አስጠግተህ የጭነቱን ወለል ከአፈሩ እኩል አድርገህ ግፋው። ያለ ጉብታ በሳንቃ ሽቅብ መግፋት ሰው ያስቀጠቅጣል።

በተሳቢ ከሆነ ክብደቱ ከጎማው ዘንግ ወደ ፊት ያጋድል። 60 በመቶው ከፊት፣ 40 በመቶው ከኋላ ቢሆን መልካም ነው። መኪናው መጎተቻ ላይ የሚያርፈው ከጠቅላላው ክብደት ከ10 እስከ 15 በመቶ ይሁን። ከኋላ ከከበደ ተሳቢው ፍጥነት ሲጨምር ግራና ቀኝ መወዛወዝ ይጀምራል፤ ከጀመረ ደግሞ መሪውን እየጠመዘዙ ማረም ያባብሰዋል፤ ነዳጁን ለቅቀህ ቀስ በቀስ ዝግ በል። ሞተሩ ያለበትን ክፍል በሐዲዱ ላይ ወደ ፊት ገፍተህ በሰንሰለት እሰረው። በራሱ ቁልፍ ብቻ አትመን፤ ኮረኮንች መንገድ ብሎን ያላላል። ስለቱን አውጣ፣ የቤንዚኑን ቧንቧ ዝጋ፣ የሐዲዱን እግሮች አንሥተህ እሰር። የተሳቢው ጎማ ከፒክአፑ ጋር አንድ ዓይነት እንዲሆን አድርግ፤ አንድ ትርፍ ጎማ ለሁለቱም ይበቃል። ከተነሣህ በኋላ ጥቂት ሄደህ ቁምና የተሳቢውን ጎማ መሐል በእጅህ ዳብሰው። የሚያቃጥል ከሆነ ኩሽኔታው ግሪስ የለውም ወይም ጠብቆ ታስሯል።

ቁልቁለቱን ለብቻው ልንገርህ። ጣሊያን በወረራው ዘመን ከፈለፈለው ዋሻ አፍ እስከ ሸዋ ሮቢት 50 ኪሎ ሜትር በማይሞላ መንገድ ወደ 1,800 ሜትር ትወርዳለህ። ፍሬን የሌለው ተሳቢ እየገፋህ ነው የሚወርደው። ዝቅተኛውን ማርሽ ቁልቁለቱ ሳይጀምር አስገባ፤ ከጀመረ በኋላ አይደለም። ፍሬን ላይ ተቀምጦ የሚወርድ ሰው ደብረ ሲና ሲደርስ የሽታው ወሬ ይቀድመዋል። ክረምት ላይ ዋሻው አካባቢ ጉም ይወርዳል፤ የተሳቢው የኋላ መብራት ካልሠራ አትነሣ። ደግሞም መንገዱ ሰላም መሆኑን ሳትጠይቅ አትውጣ፤ ይህን ሁላችንም እናውቀዋለን። ተሳቢው የራሱ ሰሌዳና የመድን ዋስትና እንዳለው ከሻጩ ወረቀት ላይ አረጋግጥ።

ጥያቄ ጠያቂው እንደገና

ጋሼም ሾፌሩም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሁለት ነገር ቀረኝ። ወንድሜ በፊት የገዛው የባሕር ዛፍ ጣውላ ገና ሳይሠራበት እየተሰነጠቀና እየተጣመመ ጉድ አድርጎታል። በማሽን ብናወጣው ይህ ይቀራል? ደግሞ ጎማ የማይደርስበት ቦታ ያለ ግንድ እንዲሁ ይቅር ማለት ነው?

መልስ — አናጢዋ (ደብረ ብርሃን፣ ጠባሴ)

ወንድሜ፣ ማሽኑ ውፍረቱን ያስተካክልልሃል፤ የባሕር ዛፍን ጠባይ አይለውጥም። በቁሙ ሳለ ግንዱ ውስጥ ውጥረት አለ፤ ነጭ ባሕር ዛፍ ደግሞ የባሰ ነው። ስለቱ ሲገባበት ውጥረቱ ይለቀቅና ጣውላው ይጎብጣል፣ ጫፉም ይሰነጠቃል። ስለዚህ ከአንድ ወገን ብቻ እየነጠልክ አትጨርሰው። ከአንዱ ጎን ጥቂት አውጣና ግንዱን 180 ዲግሪ ገልብጠህ ከሌላው አውጣ። መሐሉን ልቡን ለሞራሌም አታድርገው፤ ለማገዶ ስጠው። ተቆርጦ የከረመ ግንድ አትቀበል፤ በቶሎ ካልተሰነጠቀ ጫፎቹን ቀለም ቀቡአቸው።

የደብረ ብርሃንን የበጋ ነፋስ ታውቀዋለህ። ፀሐይና ነፋስ ላይ የተጣለ እርጥብ ጣውላ ላዩ ደርቆ ውስጡ ሳይደርቅ ይፈነዳል። ጥላ ውስጥ፣ በየመሐሉ እኩል ውፍረት ያላቸው ማለያያ እንጨቶች እያስገባህ፣ ማለያያዎቹን ከላይ እስከ ታች በአንድ መስመር ደርድር፤ ከላይ ድንጋይ ጫንበት። ሲደርቅ ስለሚሸሽ ከምትፈልገው ውፍረት ትንሽ አስበልጠህ አውጣው።

በዋጋው ግን ከጋሼ ጋር አልስማማም። እኔ ብሆን እኩል መካፈሉን እመርጣለሁ። ገበሬው ጥሬ ገንዘብ የለውም፤ እናንተ ደግሞ በርና መስኮት የሚሠራ ቤት አላችሁ። ድርሻችሁን ራሳችሁ አድርቃችሁ ብትጠቀሙበት ከገበያ ከምትገዙት እርጥብ ጣውላ የተሻለ ይሆናል። እኛ አናጢዎች የምንቸገረው በውድነቱ ብቻ አይደለም፤ አንዱ ጫፉ 4 ሳንቲ ሜትር፣ ሌላው 5 የሆነ ሞራሌ እያመጡልን ነው። እኩል ውፍረት ያለውን ብታመጡ እኔም እገዛለሁ።

መልስ — የሞላሌው ሰንጣቂ

እህቴ ስለ ማድረቁ የተናገረችው ልክ ነው። መካፈሉ ግን የሚያዋጣው አናጢ ቤት ላለው ብቻ ነው፤ ለእነሱ ሊሆን ይችላል። ቢሆንም መምጫውን በጥሬ ገንዘብ ተቀበል። ነዳጅ ማደያው ጣውላ አይቀበልም። ደግሞ ድርሻህን ይዘህ ስትመለስ ተሳቢው ማሽን ስለያዘ ለጣውላው ሌላ መኪና ያስፈልግሃል፤ ከድርሻህ ላይ ይህን ቀንሰህ አስላው።

ጎማ የማይደርስበትን በተመለከተ፣ ሌላ ዓይነት ማሽን አለ፤ ሉካስ ሚል የሚባል የአውስትራሊያ ሥራ። ክብ ስለቱ አንዴ ቆሞ አንዴ ተጋድሞ ይቆርጣል። ግንዱ ከወደቀበት ሳይነሣ ማሽኑ ተፈታትቶ በሰው ሸክም ይሄድና እላዩ ላይ ይገጠማል። ለመንዝ ገደል የተሠራ ነው ማለት ይቻላል። ጉዳቱ ስለቱ ወፍራም መሆኑ ነው። የአንተው ማሽን በአንድ ቅድ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ሰጋቱራ ሲያደርግ፣ ክቡ 5 እና ከዚያ በላይ ይበላል። ከ10 ቅድ በኋላ አንድ ጣውላ ጠፋ ማለት ነው። በቀጭን ግንድ ላይ ይህ ያማል፤ ስለዚህ ገደል ውስጥ ያለው ይቅርብህ።

የማሽኑን ግዢ በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ። ክፍያው ደብረ ብርሃን ላይ ይፈጸም። ማሽኑን ያምጣውና 40 ሳንቲ ሜትር የሆነ እርጥብ ባሕር ዛፍ ከጫፍ እስከ ጫፍ ያሳይህ። ሞተሩ እየተንቀጠቀጠ መሐል ላይ ከቆመ ወይም ጣውላው መሐሉ ላይ ከተወዛወዘ ያኔ ዋጋውን ትነጋገራላችሁ።

ጥያቄ ጠያቂው እንደገና

ሻጩን ደውዬ ነገርኩት። «የማመላለሻውን ግማሽ ክፈሉ» አለኝ።

መልስ — የሞላሌው ሰንጣቂ

ክፈሉ። ግንዱን ግን እናንተ ምረጡ።