ፕሬዠር ሄድ ለምን በሜትር ይነገራል? ስሌቴስ የት ላይ ተበላሸ?

ጠያቂ፦ ሰላም ለሁላችሁ። አንድ የፍሉይድ ሜካኒክስ ጥያቄ አላስተኛ አለኝ። ውሃ የሞላ ቱቦ ላይ የተገጠመ ጌጅ (የግፊት መለኪያ) 250 ኪሎፓስካል ያነባል፤ ፕሬዠር ሄዱ ስንት ነው? 250ን ለ1,000 × 9.81 (የውሃ እፍግታ ሲባዛ በስበት) አካፈልኩና 0.0255 ሜትር መጣ። ሁለት ሴንቲሜትር ተኩል! መልሱ ግን 25.5 ሜትር ነው ይላል። ደግሞስ ግፊት እንዴት በሜትር ይለካል?

ስሌት ወዳድ፦ ጉድ የሠራችህ «ኪሎ» የምትለዋ ቃል ናት። ቀመሩ የሚፈልገው ፓስካል ነው። 250,000 ÷ 9,810 = 25.5 ሜትር። ሌላው ሁሉ ልክ ነው።

የድሮ ቴክኒሻን፦ ስለ ሜትሩ እኔ ልንገርህ ልጄ። ጌጁን በሐሳብህ ፍታውና በቦታው ጫፉ ክፍት የሆነ ቀጥ ያለ ረጅም ቱቦ ትከል። ውሃው ሽቅብ ይወጣል፣ ይወጣል፣ 25.5 ሜትር ላይ ሲደርስ ቀጥ ይላል። የቆመው ውሃ ክብደት ከታች የሚገፋውን ግፊት እኩል ተሸከመው ማለት ነው። ሄድ የሚሉት ያንን ከፍታ ነው። ቱቦው ቢሰፋም ቢጠብም ያው ነው፤ ሲሰፋ ውሃው ይከብዳል፣ ክብደቱ የሚያርፍበት ስፋትም በዚያው ልክ ይጨምራል። እንደ ፀጉር የቀጠነ ቱቦ ግን ሌላ ጣጣ አለው፣ እሱን ተወው።

ጠያቂ፦ ጋሼ፣ አሁን ታየኝ! በውሃው ፈንታ ዘይት ቢሆንስ? እፍግታው 850 ኪሎግራም በሜትር ኩብ ነው እንበል።

ስሌት ወዳድ፦ 250,000 ÷ (850 × 9.81)፣ 30 ሜትር ገደማ። ዘይቱ ቀላል ስለሆነ ያንኑ ግፊት ለመመከት ከፍ ብሎ መቆም አለበት። ሜርኩሪ ቢሆን (13,600) 1.87 ሜትር ብቻ ይበቃዋል። ስለዚህ «ሄዱ 30 ሜትር ነው» ብሎ ዝም ማለት አይቻልም። የምን 30 ሜትር? የፈሳሹን ስም ጨምርበት።

ፓምፕ ቤት፦ ፈተና ላይ ብዙ ሰው የሚወድቅበትን ልጨምር። ጌጅ የሚያነበው ከአየር ግፊት በላይ ያለውን ብቻ ነው። ጥያቄው አብሶሉት ካለ፣ ማለትም የአየሩንም ግፊት ጨምሮ ከፈለገ፣ 101.3 ኪሎፓስካል ደምር፤ በውሃ 10.3 ሜትር ያህል ይጨምራል፣ ያንተ 25.5 ወደ 35.8 ይሄዳል ማለት ነው። ቶታል ሄድ ከተባለ ደግሞ የቦታውን ከፍታና የፍጥነቱን ድርሻ ትደምራለህ። የፍጥነቱ አብዛኛውን ጊዜ ኢምንት ነው፤ ውሃ በሰከንድ 2 ሜትር ቢሮጥ 0.2 ሜትር ብቻ። በነገራችን ላይ ሴንትሪፉጋል ፓምፕ (ፈሳሹን በሚሽከረከር ክንፍ የሚገፋው) ላይ አቅሙ በሜትር የሚጻፈው በከንቱ አይደለም። ፈሳሹ በጣም ወፍራም ካልሆነ በቀር ውሃም ግፋበት ቤንዚን፣ የሚያወጣው ሜትር ያው ነው። የሚለየው ጌጁ ላይ የሚታየው ግፊት ነው።

ጠያቂ፦ ቀጣዩን ራሴ ሠራሁት። ውሃ፣ ጌጁ 1.2 ባር፣ መልሱ 12.2 ሜትር። ልክ ነኝ?

ስሌት ወዳድ፦ ልክ ነህ። ባሩንም ወደ 120,000 ፓስካል ቀይረኸዋል፣ አይቻለሁ።