ለወሎ ዩኒቨርሲቲ ቢዝነስና ኢኮኖሚክስ ኮሌጅ የምናቀርበው የጋራ ሐሳብ፤ የዕቅድ ውይይት

የማህበሩ ጸሐፊ፦

የተከበራችሁ አባላት፣ በጉባኤያችን በተስማማነው መሠረት ለኮሌጁ የምናቀርበውን የጋራ ሐሳብ አብረን እንድናረቅ መነሻ ጽሑፉን አቅርቤያለሁ። መነሻው ሦስት ጥያቄዎችን ይዟል። የመጀመሪያው ሥራ ላይ ላሉ ነጋዴዎችና ተቀጣሪዎች የሚመች አዲስ የሁለተኛ ዲግሪ መርሐ ግብር በቅዳሜና እሁድ እንዲከፈት ነው። ሁለተኛው የአካውንቲንግና ፋይናንስ፣ የማኔጅመንትና የኢኮኖሚክስ ተማሪዎች በደሴና በኮምቦልቻ ድርጅቶች ውስጥ የተግባር ልምምድ እንዲያደርጉ፣ ሦስተኛው ደግሞ ከወለድ ነፃ የሆነው የባንክ አሠራር በትምህርቱ ውስጥ ቦታ እንዲያገኝ ይጠይቃል። እያንዳንዳችሁ የምትጨምሩትንና የምትቀንሱትን ከነምክንያቱ እንድታሰፍሩ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

አባል፣ የሂሳብ ባለሙያ፣ ደሴ፦

በመጀመሪያው ጥያቄ አልስማማም፤ ከሐሳባችን ቢወጣም ይሻላል። ኮሌጁን የሚጎድለው ተጨማሪ ዲግሪ አይደለም። ተመራቂዎቹ ከከተማው ንግድ ጋር ሳይተዋወቁ መውጣታቸው ነው የሚያሳስበኝ። ቢሮዬ የሚመጡ አዲስ ምሩቃን ስለ ዓለም አቀፉ የፋይናንስ ሪፖርት ደረጃ በደንብ ያስረዳሉ። ነገር ግን የአንድ ሸቀጥ ሱቅ የዱቤ ደብተር ሲሰጣቸው፣ የቤት ወጪና የሱቅ ወጪ በአንድ ኪስ ሲወጣና ሲገባ ከየት እንደሚጀምሩ ይጨንቃቸዋል። ይህ የልጆቹ ጥፋት አይደለም። በፈተና የሚመጣላቸው የሂሳብ ሚዛን ሁልጊዜ የተሟላ ሰነድ ያለው ነውና። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የፋይናንስ ሪፖርት አዋጅ ቁጥር 847 ለአነስተኛና መካከለኛ ድርጅቶችም የሪፖርት ደረጃ አስቀምጧል፤ ያንን ደረጃ በደሴ የሸዋ በር ወይም የሙጋድ ሰፈር ነጋዴ ደጃፍ ድረስ የሚያደርስ ሰው ግን አላዘጋጀንም።

ስለዚህ ሐሳባችን በአንድ ጉዳይ ላይ ቢያተኩር እመርጣለሁ። ተማሪዎች ከመምህራቸው ጋር ሆነው ፈቃደኛ ለሆኑ ነጋዴዎች የሂሳብ መዝገብ የሚያደራጁበት ቋሚ የተግባር ማዕከል እንዲቋቋም እንጠይቅ። በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ጊዜ ከሸቀጡ ጋር መዝገቡም የጠፋበት ነጋዴ በየሰፈሩ አለ፤ ለእነዚህ ሰዎች ከዜሮ ተነሥቶ መዝገብ ማደራጀት ራሱን የቻለ ትምህርት ነው።

አባል፣ የጅምላ ነጋዴ፣ ደሴ፦

የሂሳብ ባለሙያዋ እህታችን የተናገረችው ከልቤ ገብቷል፤ ሆኖም ከነጋዴው በኩል ያለውን ፍርሃት ሳንጽፍ ብናልፍ ወረቀታችን መሬት አይረግጥም። ነጋዴው ደብተሩን ለማያውቀው ወጣት የማያሳየው ስለሚንቀው አይደለም። በ2009 ዓ.ም. ክረምት የዕለት ገቢ ግምት ሲወጣ በአገሪቱ በየከተማው የነበረውን ቅሬታ ሁላችንም እናስታውሳለን። መዝገብ የሌለው ሰው በግምት ይቀጣል፣ መዝገብ ያለው ደግሞ መዝገቡ በሌላ እጅ ይገባል ብሎ ይሠጋል። በዚህ መሐል ተማሪ ሲላክበት፣ ማን እንደላከው ነው አስቀድሞ የሚጠይቀው።

እንደኔ ሐሳብ መጀመሪያ የማህበራችን አባላት በፈቃዳቸው ሱቃቸውን ይክፈቱ፤ እኔ የራሴን አቀርባለሁ። ደብተሩ ከሱቁ አይወጣ፣ ተማሪው ለትምህርቱ የሚወስደው ቁጥር የባለሱቁና የደንበኞቹ ስም የተሰረዘበት ይሁን፣ መምህሩም ከተማሪዎቹ ጋር ቃል የተገባበትን ሰነድ ይፈርም። የልጆቹ አመጣጥም ይታሰብበት፤ የአንድ ነጋዴ ዘመድ ወይም ተፎካካሪው ዘንድ የሚሠራ ልጅ ወደዚያው ሱቅ ባይመደብ መልካም ነው።

አባል፣ በኮሌጁ መምህር፦

የጅምላ ነጋዴው ሀጂ ስላቀረቡት ጥንቃቄ አመሰግናለሁ፤ አንድ ነገር ብቻ ልጨምርበት። የግብር አስተዳደር ሕጉ ባለሥልጣኑ የግብር ከፋይን መዝገብ እንዲመረምር ሥልጣን ስለሚሰጠው፣ ከሕግ የበለጠ ምስጢር እንጠብቃለን ብለን ለነጋዴው ቃል መግባት የለብንም። ቃላችን ተማሪውም መምህሩም ያየነውን በራሳችን ፈቃድ ለማንም አናስተላልፍም የሚል ቢሆን ሐቀኛ ይሆናል፤ ነጋዴውም ከመጀመሪያው የሚያውቀው ይሻለዋል።

ወደ ኮሌጁ አሠራር ስመለስ፣ የዲግሪ መርሐ ግብሮች ሥርዓተ ትምህርት በአብዛኛው በአገር አቀፍ ደረጃ የተጣጣመ ስለሆነ አዲስ ኮርስ ማስገባት በሴኔት በኩል የሚያልፍ ረጅም መንገድ ነው። ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያው ዓመት የጋራ ኮርሶች የሚሰጡበት በመሆኑ፣ ከዚያ በኋላ ያሉት ዓመታት በዋና ኮርሶች የተጨናነቁ ናቸው። በዚያ ላይ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የመውጫ ፈተና ስላለ፣ ትምህርት ክፍሎች የተማሪን ጊዜ ወደ ሌላ ሥራ የሚወስድ ነገር ሲቀርብላቸው ይሠጋሉ፤ ሥጋታቸውም ተገቢ ነው። ስለዚህ ማዕከሉን አዲስ ኮርስ ብለን አንጠይቅ። ተማሪው ከሚሠራው የተግባር ልምምድና ከመመረቂያ ጽሑፉ ጋር ቢያያዝ በትምህርት ክፍልና በዲን ደረጃ ሊወሰን ይችላል። ከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 1152/2011 ማስተማርን፣ ምርምርንና የማህበረሰብ አገልግሎትን የተቋሙ ሥራ አድርጎ ስለሚደነግግ፣ ለኮሌጁ የምናቀርበው በራሱ ግዴታ ውስጥ ያለ ሥራ መሆኑን በደብዳቤው መግቢያ ላይ እንግለጽ።

አባል፣ የባንክ ባለሙያ፣ ደሴ፦

ሦስተኛውን ጥያቄ እንዳንተወው አደራ እላለሁ፤ በወሎ ይህ የዳር ጉዳይ አይደለም። ደንበኞቻችን ሙራባሃ ሲጠይቁ አዲሱ ምሩቅ ብድር ከወለድ ጋር አድርጎ ይረዳዋል። በሙራባሃ ግን ባንኩ ዕቃውን መጀመሪያ በራሱ ስም ገዝቶ ባለቤት ይሆናል፣ ከዚያም የገዛበትን ዋጋና ትርፉን ለደንበኛው ገልጾ በክፍያ ጊዜ ይሸጥለታል፤ ደንበኛው ቢዘገይም የዘገየበት ቅጣት የባንኩ ገቢ ሊሆን አይችልም። ባንኩ ዕቃውን ሳይረከብ ውሉ ከተፈረመ አሠራሩ ይፈርሳል። ይህን የሰነድ ቅደም ተከተል የማያውቅ ሠራተኛ በቅንነት ይሳሳታል፣ ደንበኛው ደግሞ በሃይማኖቱ ላይ እንደቀለዱበት ይሰማዋል። መምህራችን እንዳሉት አዲስ ኮርስ ከሆነ ይዘገያል፤ ስለዚህ በማዕከሉ ውስጥ የአጭር ጊዜ ሥልጠና ሆኖ ይጀመር፣ የመመረቂያ ጽሑፍ ርዕሶችም ከዚሁ ይመረጡ።

አባል፣ የሰው ኃይል አስተዳደር፣ ኮምቦልቻ፦

ውይይቱ ስለ ደሴ ሱቆች ብቻ እንዳይሆን እሠጋለሁ። የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2009 ዓ.ም. ተመርቋል፣ ደረቅ ወደቡም አለ፤ ከጅቡቲ በሚሌና በባቲ በኩል የሚመጣው ጭነት የሚያልፍበት መንገድ ላይ ነን። እኛ የምንፈልገው የማኔጅመንት ተማሪ የዕቃ ግምጃ ቤት መዝገብንና የጉምሩክ ሰነድን በዓይኑ አይቶ የሚመጣውን ነው። ኮሌጁ ያለው በደሴ ግቢ ቢሆንም ሁለቱን ከተሞች የሚለያያቸው ርቀት ሃያ ምናምን ኪሎ ሜትር ነው፤ ስለዚህ ማዕከሉ የኮምቦልቻ ቡድንም እንዲኖረው በሐሳቡ ውስጥ ይግባ።

አባል፣ የሂሳብ ባለሙያ፣ ደሴ፦

በኮምቦልቻው ተስማምቻለሁ። ስለ ጊዜው ግን አንድ ልዩ ጥያቄ አለኝ። የተግባር ልምምድ በክረምት ብቻ ከሆነ ተማሪው ገበያው ሲቀዘቅዝ ይመጣል። የሂሳብ ዓመቱ የሚዘጋው ሰኔ 30 ስለሆነ የዕቃ ቆጠራውን ማየት አለበት፣ ከኢድ፣ ከገናና ከፋሲካ በፊት ያለውን ሩጫም እንዲሁ። በሳምንት አንድ ቀን ለሙሉ ዓመት ቢመጣ፣ በተከታታይ አንድ ወር ከመቀመጥ የበለጠ ይማራል። ቀኑ ሲመረጥም የዓርብ የጁምዓ ሰዓትና ብዙ ነጋዴዎቻችን ወደ ባቲ የሚሄዱበት ሰኞ ይቀነሱ።

አባል፣ የጅምላ ነጋዴ፣ ደሴ፦

ረቡዕ ይሁን። ከገበያም ከሰላትም አይጋጭም።

የማህበሩ ሰብሳቢ፦

የሁላችሁንም ሐሳብ ተከትዬ አዲሱን ቅርጽ እንዲህ አስቀምጫለሁ። የሁለተኛ ዲግሪ ጥያቄው ከዚህ ደብዳቤ ይወጣል። ሐሳባችን በደሴና በኮምቦልቻ ቡድን ያለው፣ ከልምምድና ከመመረቂያ ጽሑፍ ጋር የተያያዘ፣ በሳምንት ረቡዕ የሚሠራ የተግባር ማዕከል እንዲቋቋም መጠየቅ ይሆናል፤ ከወለድ ነፃ የፋይናንስ አሠራርም የማዕከሉ የመጀመሪያ የአጭር ጊዜ ሥልጠና ይሆናል። የምስጢር ቃሉን መምህራችንና የሂሳብ ባለሙያዋ አብረው ይጻፉ፤ የሙራባሃውን ይዘት የባንክ ባለሙያው በአንድ ገጽ ያዘጋጁልን። ሱቃቸውን ለመክፈት ፈቃደኛ የሆኑ አባላት ስማቸውን ለጸሐፊው በግል ይላኩ፤ ዝርዝሩ ለኮሌጁ የሚደርሰው ባለሱቁ ራሱ ሲፈቅድ ብቻ ነው። በማዕከሉ ቦታ ላይ ያልተስማማንበት አንድ ነጥብ አለ፤ በዩኒቨርሲቲው ግቢ ይሁን ወይስ ነጋዴው በቀላሉ በሚደርስበት በከተማው መሐል? እኔ መሐል ከተማውን እመርጣለሁ፤ የተለየ ሐሳብ ያለው ከረቂቁ በፊት ያሳውቀኝ።